ልጅ በመበደል የተከሰሰ ሰው በደሴና በኮምቦልቻ ችሎት እንዴት ይከላከላል

ወላጅ ወይም አሳዳጊ ልጅ በድለሃል ተብሎ ፖሊስ ጣቢያ ሲቀርብ ከአፉ ቀድሞ የሚወጣው ቃል ብዙ ጊዜ ይህ ነው፦ «የራሴ ልጅ ነው፤ አጠፋ፣ ቀጣሁት።» ሰውየው ራሱን የተከላከለ ይመስለዋል። ቃሉን የሚጽፈው መርማሪ ግን ከዚያች አጭር ንግግር ሦስት ነገር አግኝቷል፤ ልጁ በሰውየው ጥበቃ ሥር ነው፣ የመታው እሱ ነው፣ የመታውም ሆን ብሎ ነው። ዐቃቤ ሕግ በምስክር ሊያስረዳው ይገባው የነበረውን ተጠርጣሪው በራሱ አፍ ጨርሶለታል።

የዚህ ዓይነት ክስ በእንባም ሆነ «ልጄን እወዳለሁ» በማለት አይረታም። የሚረታው የትኛው አንቀጽ፣ የትኛው ድርጊት፣ በየትኛው ቀን የሚለውን አንድ በአንድ በመለየት ነው። በእውነት የተጎዳ ልጅ ካለ ሕክምናና ጥበቃ ሊያገኝ ይገባል፤ ይህን የሚያደናቅፍ መከላከያ መከላከያ አይባልም። ነገር ግን ማጣት፣ ድንገተኛ አደጋ ወይም የባልና ሚስት ጠብ የወንጀል ልብስ ለብሶ ችሎት የሚቀርብበት ጊዜም አለ፤ ያን ጊዜ ሕጉን ጠንቅቆ ማወቅ ቤተሰብን ከመፍረስ ያድናል።

የክሱ አንቀጽ

ዋናው ድንጋጌ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 576 ነው። ሦስት ንዑስ አንቀጾች አሉት፤ ልዩነታቸው የሰማይና የምድር ያህል ነው። የመጀመሪያው፣ አካለ መጠን ያላደረሰ ልጅ በጥበቃው ሥር ያለ ሰው ልጁን ቢያንገላታ፣ ቸል ቢል፣ ከአቅሙ በላይ ቢያሠራ ወይም ቢደበድብ ከ3 ወር በማይበልጥ ቀላል እስራት ይቀጣል ይላል። ሁለተኛው፣ ድርጊቱ በልጁ ጤና፣ ደኅንነት፣ ትምህርት፣ ወይም አካላዊና ሥነ ልቦናዊ ዕድገት ላይ ከባድ ጉዳት ካደረሰ ቅጣቱ ከ1 ዓመት የማያንስ ቀላል እስራት ይሆናል፤ ጥፋተኛው የቤተሰብ መብቱንም፣ ማለትም የወላጅነት ወይም የአሳዳጊነት ሥልጣኑን፣ ይነጠቃል። ሦስተኛው ወላጅ ወይም ተመሳሳይ ኃላፊነት ያለበት ሰው ለመልካም አስተዳደግ ሲል ከሕግ ያልወጣ የተግሣጽ እርምጃ ቢወስድ ድንጋጌው አይመለከተውም ይላል።

ከ576 ጎን የሚቆሙ ሌሎች አንቀጾች አሉ። ራሱን መጠበቅ የማይችልን ሰው ለሕይወት አደጋ ወይም ለከባድና ለቅርብ የጤና አደጋ ማጋለጥ ወይም በዚያ አደጋ ላይ ጥሎ መሄድ በአንቀጽ 574 ያስከስሳል። የተጣለ ጨቅላ ሕፃን ሲገኝ የሚጠቀሰው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ጉዳቱ ሕይወትን ለአደጋ የሚያጋልጥ ወይም አካልን የሚያጎድል ሲሆን አንቀጽ 555 ይመጣል፤ ጣሪያው 15 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። በቸልተኝነት ለደረሰ የአካል ጉዳት ደግሞ 559 አለ። ቀለብ አለመስጠት በ658፣ የማሳደግ ግዴታን አለመወጣት በ659 ተለይተው ተቀምጠዋል። ተከሳሹ ክሱን ሲቀበል መጀመሪያ የሚያየው ይህን ቁጥር ነው፤ የዋስትናው፣ የቅጣቱና የማስረጃው ነገር በሙሉ የሚወሰነው በእሱ ነውና።

ልጁ በማን ጥበቃ ሥር ነበር?

ወሎ ውስጥ ይህ ጥያቄ ከሌላው ቦታ ይልቅ ይከብዳል። እናት ዐረብ አገር ሄዳ ልጁ አያቱ ዘንድ ይቀራል። ከገጠር የመጣች የእህት ልጅ ደሴ ከአክስቷ ጋር እየኖረች ትማራለች፣ በዚያውም ቤት ውስጥ ታግዛለች። ኮምቦልቻ ፋብሪካ በፈረቃ የምትሠራ እናት ልጇን ለጎረቤት ታስይዛለች። ሕጉ ጥበቃ የሚለው የወለደን ብቻ አይደለም፤ በማናቸውም ምክንያትና ሁኔታ ልጁን የያዘውን ሁሉ ይነካል። አያትም፣ አክስትም፣ አሠሪም፣ ደረሳ ወይም የቆሎ ተማሪ ያሳደረ መምህርም ሊከሰስ ይችላል።

መከላከያው ታዲያ በተባለው ቀን ልጁ ማን ዘንድ እንደነበረ ማሳየት ነው። የቀበሌ የቤተሰብ ቅጽ፣ ተማሪው ሲመዘገብ አሳዳጊ ብሎ የፈረመው ሰው ስም፣ ልጁን ማን እንዲያሳድግ እንደተወሰነ የሚያሳይ የፍርድ ቤት ወይም የሸሪዓ ፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የፋብሪካ የሰዓት መቆጣጠሪያ መዝገብ፣ የባንክ ሐዋላ ደረሰኝ ሁሉም ጠቃሚ ናቸው። ከውጭ አገር በየወሩ ለልጁ ገንዘብ የላከች እናት ልጇን እንዳልጣለች የሚመሰክርላት ያ ደረሰኝ ነው።

አስቦ ማድረግና መሳሳት

የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 23 አንድ ድርጊት ወንጀል የሚሆነው ሕጋዊ፣ ግዙፋዊና ሞራላዊ ፍሬ ነገሮቹ ሲሟሉ ነው ይላል። አንቀጽ 59 ደግሞ በቸልተኝነት የተፈጸመ ድርጊት የሚያስቀጣው ሕጉ በግልጽ ሲደነግግ ብቻ መሆኑን ይናገራል። 576 ስለ ቸልተኝነት የተለየ ቅጣት አላስቀመጠም። «ቸል ማለት» የሚለው ቃል አንቀጹ ውስጥ ስላለ ብዙዎች ይሳሳታሉ፤ እዚያ ያለው ቸልታ ልጁ እንደሚጎዳ እያወቁ ወይም ቢጎዳም ይጎዳ ብለው የሚተዉት እንጂ እንዝላልነት አይደለም።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። እናት ከሰል ምድጃ ላይ ጀበና ጥዳ ውሃ ልትቀዳ ትወጣለች፤ የ2 ዓመት ልጇ ጀበናውን ስቦ በራሱ ላይ ይገለብጠዋል። ይህ ቢበዛ የ559 ጉዳይ ነው፤ 576 አይደለም። ያችው እናት የተቃጠለውን ልጅ ሳምንት ሙሉ ሐኪም ሳታሳየው ብትቀር ግን ጥያቄው ይለወጣል፤ ከዚያ ወዲያ የሚመረመረው ቃጠሎው ሳይሆን ሳምንቱ ነው። ለዚህ ነው ጤና ጣቢያ የተሄደበት ቀንና ሰዓት የተጻፈበት ካርድ ከአሥር የባሕርይ ምስክር የሚበልጠው።

ድህነትም እንዲሁ ነው። ልጅ ከስቶ ሲገኝ ዐቃቤ ሕግ ቸልታ ነው ሊል ይችላል። መልሱ «ድሃ ነኝ» ማለት ብቻ ከሆነ ግን አይበቃም፤ እናትዮዋ ባላት አቅም ምን እንዳደረገች መታየት አለበት። የክትባት ካርዱ፣ ክብደት የተመዘገበበት የዕድገት መከታተያ ገጽ፣ ከጤና ጣቢያ የተሰጠ የአልሚ ምግብ መዝገብ፣ ቤት ለቤት የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ምስክርነት እዚህ ላይ ይጠቅማሉ። የክብደቱ መስመር መውረድ የጀመረው ከተቅማጥ ወይም ከሳንባ ነቀርሳ ጋር መሆኑ ካርዱ ላይ ከታየ ምክንያቱ በሽታ እንጂ ረሃብ እንዳልነበረ ለመከራከር መሠረት ይሆናል።

የተግሣጽ መከላከያ እስከ የት ይሄዳል

576(3) ወላጅን የሚጠብቀው በጠባቡ ነው። ዳኛው የሚመዝነው የልጁን ዕድሜ፣ የተመታበትን ነገር፣ የተመታበትን የሰውነት ክፍል፣ የቀረውን ምልክትና ከጥፋቱ ጋር ያለውን መመጣጠን ነው። በኤሌክትሪክ ገመድ መግረፍ፣ በበርበሬ ማጠን፣ በጋለ ብረት መተኮስ፣ አስሮ ማሳደር ተግሣጽ ናቸው ብሎ መከራከር ጊዜ ማባከን ብቻ ሳይሆን ዳኛው ሌላውን ክርክር ሁሉ እንዳያምን ያደርገዋል። የትምህርት ቤት መምህር ደግሞ ይህን በር ጭራሽ መሞከር የለበትም፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ንዑስ አንቀጽ 1 (ሠ) ልጆች በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነጻ መሆናቸውን ደንግጓል።

መታሁ ብሎ አምኖ «ለተግሣጽ ነው» ማለትና «አልመታሁም» ማለት ሁለት የማይታረቁ መከላከያዎች ናቸው። ሁለቱንም ያነሳ ተከሳሽ ሁለቱንም ያጣል። አንዱን ከጠበቃ ጋር መርጦ እስከ መጨረሻው መያዝ ያስፈልጋል።

ብዙዎች ሳያውቁ የሚወድቁበት ሌላ ጉድጓድ አለ። ልጁ ላይ የታየውን ጠባሳ «የባህል ሐኪም የቆረጠው ነው»፣ «እንጥል ስናስቆርጥ ነው» ብለው ሲያስረዱ ከአንዱ ክስ ወጥተው ሌላው ውስጥ ይገባሉ። ሕጉ ከ561 ጀምሮ ባሉት አንቀጾች ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶችን ወንጀል አድርጓል፤ የሴት ልጅ ግርዛት በ565 ለብቻው ተቀምጧል። ባህል ነው ማለት ነጻ አያወጣም። እንዲህ ያለ ማብራሪያ ያለው ሰው ከጠበቃ ጋር ሳይመክር ለፖሊስ አንድ ቃል መናገር የለበትም።

የመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ እንዲነገረው፣ ያለመናገር መብት እንዳለው እንዲያውቅ፣ በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመጓዝ በአግባቡ የሚያስፈልገው ጊዜ በ48 ሰዓቱ ውስጥ አይቆጠርም። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ከተማ ውስጥ የተያዘ ሰው ላይ ግን መንገዱ ምክንያት ሊሆን አይችልም።

ለፖሊስ ስም፣ አድራሻና ሥራ መናገር ችግር የለውም። ከዚያ በኋላ «ቃሌን ከጠበቃ ጋር ከተማከርኩ በኋላ እሰጣለሁ» ማለት ይበቃል፤ ይህን በማለቱ ብቻ ማንም ጥፋተኛ አይባልም። ቃል የሰጠ ሰው የተጻፈውን እንዲያነቡለት ጠይቆ፣ ያላለው ካለ አሳርሞ፣ ባዶ መስመር አስዘግቶ ይፈርም። «ቀጣሁት» ብሎ «ደበደብኩት» ተብሎ ከተጻፈ ይህች አንዲት ቃል በኋላ ብዙ ታስከፍላለች።

የዋስትናው ነገር በአንቀጹ ላይ ይንጠለጠላል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 28 ጽኑ እስራት በማያስቀጣ ወንጀል የተጠረጠረን ሰው ፖሊስ ራሱ በዋስ እንዲለቅ ይፈቅዳል፤ 576 የሚያስቀጣው ቀላል እስራት ብቻ ስለሆነ ይህ በር ክፍት ነው። መርማሪው መዝገቡን በ555 ከከፈተው ግን ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። በቁጥር 63 መሠረት ተጎጂው ሊሞት ይችላል የሚል ስጋት መኖሩ ለዋስትና ትልቅ እንቅፋት ስለሚሆን ልጁ ከሕይወት አደጋ ውጭ መሆኑን የሚገልጽ የሆስፒታል ደብዳቤ በመጀመሪያው ቀጠሮ እንዲቀርብ ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይገባል። ፖሊስ ለምርመራ የሚጠይቀው ጊዜ በቁጥር 59 በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን አይበልጥም፤ በየቀጠሮው «ባለፈው 14 ቀን ምን ሠራችሁ?» ተብሎ እንዲጠየቅ ማሳሰብ የተከሳሹ ወገን ሥራ ነው።

በልጅ ጉዳይ ዋስትና የሚያስከለክለው ዋናው ምክንያት ግን በቁጥር 67 ያለው ምስክር ያባብላል የሚለው ስጋት ነው፤ ዋናው ምስክር ያው ልጅ ነው፣ የሚኖረውም ተከሳሹ ቤት ነው። ይህን ቀድሞ መዝጋት ይቻላል። ተከሳሹ ክሱ እስኪያልቅ ሌላ ዘመድ ቤት እንደሚኖር፣ ለምሳሌ ቤቱ ኮምቦልቻ ከሆነ ደሴ ወንድሙ ዘንድ፣ የቤቱን ቀበሌና የአሳዳሪውን ስም ጽፎ ያቅርብ። ደመወዝተኛ ዋስ ከሆነ ከመሥሪያ ቤቱ የደመወዝ ማረጋገጫ ደብዳቤ ማምጣት አለበት፤ ያለ እሷ ዋሱ ችሎት ቆሞ ይመለሳል።

ከተለቀቀ በኋላ የሚሠራው ትልቁ ስሕተት ልጁን አግኝቶ «እንዲህ በል» ማለት ነው። ምስክር ማባበል ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ እውነተኛ መከላከያ ያለውንም ሰው ዋስትናውንም ተአማኒነቱንም ያሳጣዋል። አያት ወይም ጎረቤት በኩል መላክም ያው ነው።

ጠበቃ

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20(5) በጠበቃ የመወከል መብትን ይሰጣል፤ መክፈል ለማይችልና ያለ ጠበቃ ፍትሕ ሊጓደልበት ለሚችል ሰው መንግሥት እንዲያቆምለት ያዛል። በአነስተኛ ቅጣት ክሶች ተከላካይ ጠበቃ ሳይጠየቅ አይመጣም፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ቀጠሮ ተነስቶ መጠየቅና ጥያቄው መዝገብ ላይ እንዲሰፍር ማድረግ ነው። የቤተሰብ መብት መነጠቅን የሚያስከትለው 576(2) ሲሆን ይህን ምክንያት ጨምሮ ማንሳት ያግዛል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የሚሰጠውን ነጻ የሕግ ድጋፍ መጠየቅም ይቻላል።

የሐኪም ማስረጃውን ማንበብ

ብዙ ተከሳሽ የሐኪሙን ወረቀት አይቶ ተስፋ ይቆርጣል። ወረቀቱ የሚናገረው ጉዳት መኖሩን ነው፤ ማን እንዳደረሰው አይናገርም፣ እንዴት እንደደረሰም ሁልጊዜ አይናገርም። የበለዘ ቆዳ ቀለም ብቻ አይቶ ጉዳቱ በትክክል የስንት ቀን እንደሆነ መናገር አስተማማኝ አይደለም፤ ስለዚህ «ከ3 ቀን በፊት የተመታ» የሚል አስተያየት መስቀለኛ ጥያቄ ሊቀርብበት ይገባል። ጨቅላ ሕፃናት ወገብና መቀመጫ ላይ አብሯቸው የሚወለድ ሰማያዊ ጥላ ብዙ ጊዜ አለ፤ ብልዘት ይመስላል፣ ግን አይደለም፣ ቀስ እያለም ይጠፋል። በቫይታሚን ዲ እጥረት አጥንቱ የለሰለሰ ልጅ በትንሽ ምት ሊሰበር ይችላል።

ከሌላው ወገን እውነቱን መቀበል ያስፈልጋል። መራመድ የጀመረ ልጅ ግንባሩና ቅልጥሙ ላይ መበለዙ የተለመደ ነው፤ ጆሮው፣ ጀርባውና መቀመጫው ላይ ሲበልዝ ግን ወድቆ ነው ማለት ይከብዳል። የፈላ ውሃ የተገለበጠበት ልጅ ቃጠሎ ከላይ ወደ ታች እየቀነሰ ያልተስተካከለ መስመር ይዞ ይወርዳል፤ ሁለት እግር እኩል ከፍታ ላይ እንደ ካልሲ ጥርት ያለ ወሰን ካለው ግን ሐኪሙ ውሃ ውስጥ ተነክሯል ይላል። መከላከያው ከጉዳቱ ቅርጽ ጋር ካልተስማማ ባይቀርብ ይሻላል።

የልጁን ሙሉ የሕክምና ታሪክ ሆስፒታሉ ለተከሳሽ በእጁ ላይሰጠው ይችላል። መንገዱ ፍርድ ቤቱ ትዕዛዝ እንዲጽፍ ማመልከት ነው፤ ማመልከቻው ላይ የልጁ የካርድ ቁጥርና የተፈለገው ጊዜ ከየት እስከ የት እንደሆነ ካልተጻፈ መልሱ ይዘገያል ወይም ጎዶሎ ይመጣል።

ችሎት ላይ

ክስ ሲደርስ ቀኑ፣ ቦታውና ድርጊቱ ተለይተው መጻፋቸው ይታይ። «ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በተለያየ ጊዜ ሲያንገላታ ነበር» የሚል ክስ ለመከላከል አይመችም፤ በየትኛው ቀን ሥራ ላይ እንደነበሩ ማስረዳት አይቻልምና። እንዲህ ያለው የክስ መቃወሚያ የሚቀርበው የእምነት ክህደት ቃል ከመሰጠቱ በፊት ነው።

ቃል ሲጠየቅ «ድርጊቱን ፈጽሜያለሁ፣ ግን...» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ ይሰማል። በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 134 ጥፋተኛ የሚያስብለው ያለ ምንም ገደብ የተሰጠ እምነት ነው፤ ገደብ ያለበት ቃል እንደ ክህደት ተመዝግቦ ማስረጃ ሊሰማ ይገባል። «ግን» ያለው ሰው ከ«ግን» በኋላ ያለው ሁሉ መጻፉን ያረጋግጥ።

ዐቃቤ ሕግ ምስክሮቹን ሲያሰማ የመስቀለኛ ጥያቄው ዒላማ ልጁ እንዳይሆን አጥብቀን እንመክራለን። ልጁን ማስጨነቅ ስሕተት ነው፤ ለተከሳሹም አይጠቅምም። ጥያቄው ወደ ጎረቤቱ፣ ወደ ፖሊሱና ወደ ሐኪሙ ይሂድ፤ በዓይንህ አየህ ወይስ ሰማህ? ከየት ሆነህ? ለማን መጀመሪያ ነገርክ? ጥቆማው የቀረበው የፍቺ አቤቱታ ከመግባቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? የሁለቱ መዝገቦች ቀን ጎን ለጎን ሲቀርብ ዳኛው ራሱ ያነበዋል።

ማስረጃው ካልበቃ ፍርድ ቤቱ በቁጥር 141 በነጻ ያሰናብታል፤ ከበቃ በ142 ይከላከል ብሎ ብይን ይሰጣል። ይከላከል መባል ጥፋተኛ መባል አይደለም። የመከላከያ ምስክሮች ዝርዝር ሲገባ እያንዳንዱ ምን እንደሚያስረዳ ጭብጡ ይያዝ። «ጥሩ ሰው ነው» የሚሉ አምስት የዕድር አባላት ከሚቆሙ ያን ምሽት ቤቱ ውስጥ የነበረች አንዲት ጎረቤት ብትቆም ይሻላል።

ጨቅላዋን የጣለች እናት ጉዳይ ተለይቶ ይታይ። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ከባድ ድብርት ወይም የአእምሮ መታወክ ካለ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 48 እና 49 ስለ ኃላፊነት የሚሉት አለ፤ የሐኪም ምርመራ እንዲታዘዝ መጠየቅ ያለበት በጊዜ ነው።

ሽማግሌ፣ አበጋርና እርቅ

ወሎ በእርቅ የታወቀ አገር ነው፤ ቤተሰቡም መጀመሪያ የሚያስበው ሽማግሌ ወይም አበጋር፣ ማለትም የአካባቢውን ባህላዊ አስታራቂ፣ መላክ ነው። በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስቀጡ ወንጀሎች ሕጉ በግልጽ የለያቸው ናቸው፤ 576 ከእነሱ ውስጥ አይደለም። እናትና አባት ቢታረቁም ክሱ በዚያ ብቻ አይዘጋም። እርቁ ግን ከንቱ አይደለም፤ ልጁ አሁን የት እንዳለ፣ ማን እንደሚያሳክመውና እንደሚያስተምረው የተስማሙበት ጽሑፍ ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ ለቅጣት ማቅለያና ቅጣቱን በገደብ ለማግኘት ይረዳል። ሽማግሌዎቹ ምስክር «እንዳይመጣ» ካስማሙ ግን ራሳቸውንም ተከሳሹንም ይጎዳሉ።

ጥፋተኛ ተብሎ በወረዳ ፍርድ ቤት የተቀጣ ሰው ይግባኙን የሚወስደው ደሴ ወዳለው የደቡብ ወሎ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 187 መሠረት ይግባኝ እንደሚል ከፍርዱ በ15 ቀን ውስጥ ማስታወቅ፣ የይግባኝ ማመልከቻውንም የፍርዱ ግልባጭ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ማስገባት አለበት። 30 ቀኑ የሚቆጠረው ግልባጩ ከደረሰበት ቀን ስለሆነ ግልባጩን በዚያው በፍርዱ ቀን በጽሑፍ መጠየቅ፣ ሲረከቡም የተረከቡበትን ቀን ሬጅስትራሩ ዘንድ ማስጻፍ ያስፈልጋል። የቤተሰብ መብቱ የተነጠቀ ከሆነ ያ ትዕዛዝ በይግባኙ ውስጥ ለብቻው ተለይቶ ይጻፍ፤ ስለ እስራቱ ብቻ ተከራክሮ የመብቱን ነገር የረሳ ሰው እስራቱ ቢቀነስለትም ትዕዛዙ ሳይነካ ይቀርበታል።